ያልፈተሽኩት የዳቡስ ግማሽ

አሶሳ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የሠራተኛ አስተዳደሩ ሰውዬ ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አንብቦ ቀና አለ።

«ሶናር ኦፕሬተር ማለት ምን ማለት ነው?»

«ውሃ ውስጥ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ያዳምጣል። ከሥር ምን እንዳለ ከዚያ ያውቃል።»

«የት ነበር የምትሠራው?»

«ቀይ ባሕር ላይ፣ መርከብ ውስጥ።»

«እዚህ እኮ ባሕር የለንም።»

«አሁን የትም የለንም» አልኩት።

ሳቀና በቅጹ ላይ «የውሃ ቴክኒሻን» ብሎ ሞላኝ። ማኅደሬ እስከ ዛሬ የሚለው ይህንኑ ነው። ባልደረቦቼ ግን «ታደሰ» የሚለውን ስሜን ትተው ከምሳ በፊት «ባሕርተኛው» ብለው ሰየሙኝ።

ባሕር ኃይሉ ሲበተን የሶናር ክፍል የበታች ሹም ነበርኩ። ሙያዬ ውሃ እንዳጣ ለማመን ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፤ እነዚያን ዓመታት ናዝሬት ውስጥ ሬዲዮና ቴፕ ስጠግን አሳለፍኳቸው። የአሶሳውን የሥራ ማስታወቂያ ያየሁት አንድ ደንበኛ ቴፑን ጠቅልሎ ባመጣበት ጋዜጣ ላይ ነው። ጓደኞቼ «ከባሕር ወደ በረሃ!» እያሉ ሸኙኝ። አሶሳ በረሃ አይደለም። ማንጎና ቀርከሃ የሞላበት፣ ዝናቡ የሚዘንብ ሳይሆን የሚደፋ አገር ነው። የእኛ ሰው ስላላየው ቦታ ሲናገር ግን ድምፁ አይንቀጠቀጥም። ይህ ጠባይ በእኔም ላይ እንደነበረ ቆይቶ ገባኝ።

ክልሉ አዲስ ነበር። አዲስ ክልል ማለት ማኅተም ከወንበር ቀድሞ የሚደርስበት ቦታ ነው። በቢሯችን ሠራተኛው ከወንበሩ እጥፍ ስለነበር ቀድሞ የገባ ይቀመጣል፤ የዘገየ ማንጎው ሥር ቆሞ ይሠራል። እኔ በመርከብ ልማድ በማለዳ ስለምደርስ ሁልጊዜ ተቀማጭ ነበርኩ። በመጀመሪያው ግምገማ ላይ «ወንበር ያበዛል» ተብዬ ተተቸሁ።

የቢሮው ኃላፊ አቶ ሐሚድ የአሶሳ አካባቢ ተወላጅ፣ የቀድሞ የሒሳብ መምህር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ጠራኝና መጋዘን ውስጥ ከዘር እህልና ከመማሪያ መጻሕፍት ጋር ወደተከማቹ አራት የብረት ሣጥኖች ወሰደኝ። ለድልድይ ጥናት መጥቶ የነበረ የውጭ ቡድን ሥራው ሲቋረጥ ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው።

«ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም» አለኝ። «ሲያንኳኩት ግን ውድ ይመስላል።»

የመጀመሪያውን ሣጥን ስከፍት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንባዬ መጣ። ሶናር ነበር። ያውም መርከብ ላይ ከለመድኩት የረቀቀ።

ለወጣት ባልደረቦች ባጭሩ ላስረዳ። መሣሪያው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው በውሃ ሥር የምትሄድ፣ በረጅም ገመድ ከላይ የምትነዳ ቢጫ ተሽከርካሪ ናት፤ ከጀሪካን ትንሽ ትበልጣለች። ሠራተኞቹ «ዔሊ» አሏት፤ እኔም ከዚያ የተሻለ ስም አላገኘሁላትም። ሁለተኛው ዔሊዋ ላይ የተገጠመው ሶናር ነው። ግራና ቀኝ ድምፅ እየረጨ የሚመለሰውን በጥቅል ወረቀት ላይ ይሥላል። ድንጋይ ጠቆር ብሎ ይወጣል፤ ከኋላው ድምፅ ያልደረሰበት ቦታ ነጭ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጎበዝ ኦፕሬተር የሚያነበው ጥላውን ነው።

ሦስተኛው የዔሊዋን አድራሻ የሚነግረን ነው። ዔሊዋ ጀርባ ላይ በየሰከንዱ «ጢቅ» የሚል ጠሪ አለ፤ ከላይ ከታንኳው ጎን ደግሞ ሰሚ ይንጠለጠላል። ሰሚው ድምፁ ከየት አቅጣጫና ከምን ያህል ርቀት እንደመጣ አስልቶ በመሣሪያው መስታወት ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ዔሊዋን በዓይን አታያትም፤ የምትነዳት ነጥቡን አይተህ ነው። ነጥቡ ከዋሸ ሁሉም ነገር ይዋሻል፤ ሥዕሉ ግን እንደዚያው ያማረ ሆኖ ይወጣል። አደጋው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው እውነተኛ ሥራዬ የመጣው በሰው መታሰር ነው።

ባበክር የዳቡስ አሻጋሪ ነበር። ሁለት የግንድ ታንኳዎችን ጎን ለጎን አስሮ፣ ቀርከሃ አንጥፎባቸው ሰውና ዕቃ ያሻግራል። በክረምቱ መውጫ ከወንዙ ማዶ ላለ አዲስ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ጄኔሬተር ተላከ። አጃቢ ፖሊሶች ሊመጡ ነበር፤ መኪናቸው ጭቃ ያዘው። የጭነት መኪናው ሹፌር ዕቃውን አራግፎ መመለስ ፈለገ። «ዛሬ ካላሻገርክ ነገ ልማት አደናቃፊ ትባላለህ» አለው። ባበክር ብቻውን ጭኖ ገባ። ከወንዙ እጥፋት ሥር፣ ከዳር የማይታይ ጥልቅ ገንዳ አለ። እዚያ ሲደርስ ጄኔሬተሩ ተንሸራቶ ታንኳዎቹን አዘመመ። ገመዱን በቢላ ቆረጠው፤ ጄኔሬተሩ ሰመጠ፤ እሱ ታንኳዎቹን ይዞ ወጣ።

ማንም አላየም። በሁለተኛው ሳምንት ጄኔሬተሩ ድንበር ላይ ባለው የኩርሙክ ገበያ ታይቷል የሚል ወሬ አሶሳ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ባበክር ታሰረ። የተቆረጠው ገመድ በማስረጃነት ተያዘ።

ገንዳው በበጋም አይጎድልም። አዞ ስላለበት ዋናተኛ አይገባም። በመንጠቆ ሲጎትቱ የዛፍ ግንድ ብቻ ወጣ። መርማሪው ለአቶ ሐሚድ ደብዳቤ ጻፈ፤ አቶ ሐሚድ ወደ እኔ መራው።

ከመሄዴ በፊት ባበክርን ጣቢያ ሄጄ አነጋገርኩት። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ቀጭን ሰው ነው። የቤት ቋንቋው በርታ ስለሆነ አማርኛውን እየለቀመ ነው የሚናገረው።

«እኔ አልሸጠም» አለኝ። «ጄኔሬተር ውሃ ገባ። ከገደል በኩል፣ ዋርካ ካለበት ሥር። አንተ እዛ ፈልግ።»

«ገመዱን ለምን ቆረጥከው?»

«ያ አኺ፣ ወንድሜ፣ ካልቆረጠ እኔም ይገባል።»

ከዚህ የተሻለ መልስ በፍርድ ቤት ሰምቼ አላውቅም። ፖሊሱ ግን አልጻፈውም።

የውጭዎቹ የጎማ ጀልባቸውን ይዘው ሄደዋል። ስለዚህ ስምንት ባዶ የነዳጅ በርሜሎች አግኝተን፣ በሁለት ረድፍ አስረን፣ ላያቸው ላይ ቀርከሃ ረበረብን። ለመሣሪያው ኃይል ከጤና ጣቢያ ትንሽ ጄኔሬተር ተዋስን። ጄኔሬተር ለመፈለግ ጄኔሬተር መዋስ የሚያስቅ ሆኖ የታየኝ እኔን ብቻ ነበር። ታንኳችንን ከገንዳው መሐል አድርሰን ከሁለቱም ዳር በገመድ ወጠርናት። በአንድ በኩል አሸዋማ ዳር፣ በሌላው በኩል ዋርካው የቆመበት የድንጋይ ገደል ነው።

በአሸዋው ዳር አንዲት ሴት ጥላ ይዛ ተቀምጣ ነበር። አስያ ትባላለች፤ የባበክር ሚስት ናት። በየቀኑ ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ትቀመጣለች። ምግብ ለባሏ ትልክና ወደ ወንዙ ትመጣለች።

በመጀመሪያው ቀን ሰሚውን ከታንኳው የአሸዋ ጎን አንጠልጥዬ የዚያን ወገን ፈተሽኩ። አሸዋ፣ ጠጠር፣ አንድ የተሰነጠቀ ትልቅ ድንጋይ፣ ስንጥቁ ውስጥ የተቀረቀረ ባለመንታ ቅርንጫፍ ግንድ። ጄኔሬተር አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ሰሚውን ወደ ገደሉ ጎን አዛውሬ ዔሊዋን ለቀቅኋት። ገና ከመግባቷ የገንዳው አዙሪት ጎተታት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነጥቡ በገደሉ በኩል ብቅ አለ፤ እፎይ ብዬ መንዳት ጀመርኩ። ወደ ቀኝ ሳዞራት ነጥቡ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ግራ ስላት ወደ ቀኝ። ኮምፓሷም ከበርሜሎቹ ብረት የተነሣ አብዳለች። ቆም ብዬ አሰብኩና ምክንያት አገኘሁለት፤ አዙሪቱ ነው። ውሃው ወደ ኋላ ስለሚዞር ይገፋታል።

ምክንያት ለማግኘት ተቸግሬ አላውቅም። ብዙ ማንበብ የሚያመጣው ጉዳት ይህ ነው፤ ለማንኛውም ነገር ማብራሪያ አታጣም።

አስያ ከዳር ጮኸች። «አንተ ባሕርተኛ! ገመድ ወደዚህ ነው። ለምን ፊትህ ወደ ገደል ነው?»

እውነቷን ነበር። የዔሊዋ ገመድ ከታንኳው ሥር ተጠምዝዞ ወደ አሸዋው ያዘነብላል።

«ገመዱን ውሃው ነው የሚያጎብጠው፣ እናቴ!» ብዬ ጮህኩ። «ዔሊዋ ወዲያ ናት!»

«እኔ እናትህ አይደለም። አሥር ዓመት ትበልጠኛለህ።»

ሊጠብቀን አብሮን የተላከው ፖሊስ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ስለ ጥያቄዋ ግን አላሰብኩም። ፊቷ የተጨነቀ ሴት የምትናገረውን በጭንቀቷ መዝነን እንተወዋለን። ሁለት ቀን ሙሉ «የገደሉን ጎን» ፈተሽኩ። አሸዋ፣ ጠጠር፣ አንድ ትልቅ ድንጋይ። ጄኔሬተር የለም።

ዕቃ ስናነሣ አስያ መጣች።

«አገኘህ?»

«አላገኘሁም።»

«ሁሉን አየህ?»

«ሁሉንም።»

ጥላዋን አጠፈችና ሄደች።

ሪፖርቴን ጻፍኩ። መጀመሪያ ያረቀቅኩት «በተደረገው ፍተሻ አልተገኘም» የሚል ነበር። መርማሪው አነበበና ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ለፍርድ ቤት አይሆንም። አለ ወይስ የለም? አንተ ባለሙያ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። ባለሙያ አይደለህም እንዴ የሚባል ሰው በሕይወቱ ብዙ ስህተት ይሠራል። «በገንዳው ውስጥ ጄኔሬተር የለም» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ፤ ማኅተም ተመታበት። ሪፖርቱ ከክሱ ፋይል ጋር ተያይዞ ለባበክር ቀጠሮ ተሰጠው።

ከዚያ በኋላ የሶናሩን ጥቅል ወረቀቶች የሚፈልጋቸው ሰው አልነበረም። የቢሮዬ መስኮት መጋረጃ ስለሌለው ከሰዓት ፀሐይ ዓይኔን ትወጋኛለች። አንድ ቀን የገደሉን ጎን ወረቀት ለመጋረጃ ለካሁ፤ ልክ መጣ። የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍኩት፤ ላይና ታቹን አላየሁም።

ከሰዓት ፀሐይዋ ከኋላው ስትመታው ቀና አልኩ። ወረቀቱን ገልብጬ ነው የለጠፍኩት። የተገለበጠው ሥዕል ላይ የተሰነጠቀ ድንጋይ አለ። ስንጥቁ ውስጥ ባለመንታ ቅርንጫፍ ግንድ ተቀርቅሯል።

የአሸዋውን ጎን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ ከጎኑ ያዝኩት። ያው ድንጋይ ነው። ያው ግንድ። በማስመሪያ ለካሁት፤ ጥላው እንኳ ያው ነው። ዔሊዋ ያንኑ ድንጋይ በመጀመሪያው ቀን ወደ ላይ ስትሄድ፣ በሁለተኛው ቀን ወደ ታች ስትመለስ ሥላዋለች። ለዚህ ነው ሁለተኛው ሥዕል ተገልብጦ የወጣው። ሁለት የማውቃቸው የመሰሉኝ ድንጋዮች አንድ ነበሩ።

ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነገሩን ከሥሩ አሰብኩት። ባዶ በርሜል ማለት አየር ነው። ለድምፅ ደግሞ በውሃ ውስጥ ያለ አየር የግንብ አጥር ነው፤ አያሳልፍም። ይህ የመርከብ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት ነው። በሁለተኛው ቀን አዙሪቱ ዔሊዋን ከታንኳው ሥር አሳልፎ ወደ አሸዋው ጎን ወስዷት ነበር። ሰሚው ግን በገደሉ ጎን፣ በርሜሎቹ አጠገብ ተንጠልጥሏል። የዔሊዋ ጥሪ በበርሜሎቹ በኩል አላለፈም። ከታንኳው ሥር ሾልኮ ገደሉን መትቶ ነጠረ፤ ሰሚውም ከገደሉ በኩል ሰማው። እኔ ገደል ሲናገር ሰምቼ ዔሊ ናት ብያለሁ። አስያ ያየችው ገመድ እውነቱን ነበር።

የገደሉን ጎን፣ ባበክር «እዛ ፈልግ» ያለኝን ቦታ፣ ከነጭራሹ አላየሁትም። «የለም» ብዬ ግን ፈርሜበታለሁ።

ለቀጠሮው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ግምገማ ነበር። የዚያን ዘመን ግምገማ ለማያውቅ አንባቢ፤ ሠራተኛው በሙሉ ተሰብስቦ ተራ በተራ የራሱን ጥፋት ይናገራል፤ ከዚያ ሌሎቹ ይጨምሩለታል። ጥበቡ ጥፋት የሚመስል ምስጋና ማቅረብ ነው። ከእኔ በፊት የተናገረው የዕቅድ ባለሙያ «በሥራ ፍቅር የተነሣ ጤናዬን እበድላለሁ» ብሎ ራሱን ነቀፈ። ተጨበጨበለት።

ተራዬ ሲደርስ ቆምኩ። «የዳቡስ ሪፖርቴ ስህተት ነው» አልኩ። «ግማሹን ገንዳ አልፈተሽኩም። ሰውዬው ንጹሕ ሊሆን ይችላል።»

ቃለ ጉባኤ የምትጽፈው ወይዘሮ ብርቱካን ብዕሯን አነሣች።

«ይሄ በየትኛው ርዕስ ሥር ይግባ? ሥነ ምግባር ነው የሥራ አፈጻጸም?»

«የሰው ሕይወት የሚል ርዕስ አለ?» አልኳት።

«የለም። ‹ልዩ ልዩ› አለ።»

«እንግዲህ እዚያ ይግባ።»

የዕቅድ ባለሙያው እጁን አወጣ። «ባሕርተኛው ከተከሳሹ ቤተሰብ ጋር ግንኙነት ፈጥሯል ወይ የሚለው ቢጣራ? ሴትየዋ ‹ባሕርተኛ› እያለች ስትጠራው ተሰምቷል።»

«አንተም ትጠራኝ የለም እንዴ?» አልኩት። «እኛም ግንኙነት ፈጥረናል?»

ሰው ሳቀ፤ አቶ ሐሚድ አልሳቀም። ስብሰባው ሲያልቅ ማንጎው ሥር ጠራኝ።

«ፍርድ ቤት ሄደህ ይህንን ስትናገር ‹የትኛውን ታደሰ እንመን?› ነው የሚሉህ።»

«ሁለቱንም አይመኑ። መኪናና ሦስት ቀን ይስጡኝ።»

መሬቱን በጫማው ይጭር ጀመር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ባበክር የእናቴ መንደር ሰው ነው፤ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ማንም እንዳያውቅ አድርጌያለሁ። ከታሰረ ጀምሮ አንድ ቀን አልጠየቅኩትም። ‹ሐሚድ ለዘመዱ አደላ› እንዳይሉኝ። ሪፖርትህ ሲመጣ፣ ወላሂ፣ ቀለለኝ። ሌባ ነው፤ በቃ፤ እኔም ትክክል ነበርኩ አልኩ።» ቀና ብሎ አየኝ። «አሁን ቀጠሮው ሳይደርስ አግኘው።»

ይህን ሰው ሌሎች ፈሪ ይሉት ነበር። እኔ አልልም። አዲስ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ዘመዱን ለመርዳት ብቻ ሳይሆን ላለመርዳትም ይፈተናል፤ ሁለተኛውን ፈተና ማንም አያይለትም።

ደብዳቤ ጻፈልኝ። ወይዘሮ ብርቱካን «ወጪ የሆነ ደብዳቤ አይመለስም» ብላ ተከራከረችን፤ በመጨረሻ የድሮውን የሚሽር ሳይሆን «የሚያብራራ» ብላ ቁጥር ሰጠችው። መርማሪው ተቀበለው፤ ደስ ግን አላለውም።

ዳቡስ ስንደርስ አስያ እቦታዋ ነበረች። ወደ እሷ ሄድኩ። ነገሩን ለማስረዳት ስጀምር እጇን አነሣች።

«ስለ ገመድ ነው?»

«አዎ። አንቺ ትክክል ነበርሽ።»

«እኔ ያውቃል» አለች። «አንተ መቼ ታውቃለህ ብዬ ነው የተቀመጠ።»

በዚህ ጊዜ ረጅም የአሶሳ ቀርከሃ ቆርጠን ከታንኳው ፊት ለፊት ወደ ውጭ አሾለክነው። ሰሚውን ከጫፉ ላይ፣ ከበርሜሎቹ በጣም ዝቅ አድርጌ አንጠለጠልኩት። ከዚያ አንድ ሥርዓት አወጣሁ። አስያ ከዳር ሆና ገመዱን ትጠብቃለች። በየጊዜው «ወዴት?» ብዬ እጠይቃታለሁ፤ የምትለውንና ነጥቡ የሚለውን ደብተር ላይ ጎን ለጎን እጽፋለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ዔሊዋን አቁሜ አወጣታለሁ።

«ወዴት?»

«ወደ ገደል!»

ነጥቡም ወደ ገደል ይላል። እጽፋለሁ።

«አሁንስ?»

«ገደል! ገደል ነው አልኩህ፣ ሥራህን ሥራ!»

የመጀመሪያው ቀን ድንጋይና ሥር ብቻ ሆነ። ከገደሉ ሥር የወዳደቀ ቋጥኝ ብዙ ነው፤ ጥላዎቹ ተደራርበዋል። እየተጠራጠርኩ መጣሁ፤ ወሬው እውነት ቢሆንስ? ባበክር ቢሸጠውስ? ይህን ያህል የተዋረድኩት ለሌባ ቢሆንስ? ያን ቀን ሳላስተውለው ምኞቴ ተቀይሮ ነበር። ባበክር ንጹሕ እንዲሆን የፈለግኩት ለእሱ ብዬ አልነበረም፤ ለእኔ ይቅርታ እንዲሆን ነው። ስሜቱን አልወደድኩትም፤ ሥራውን ግን ቀጠልኩ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በፊት፣ ዋርካው ሥር፣ በሁለት ቋጥኝ መሐል ወረቀቱ ላይ አንድ ጥላ ወጣ። ጥላው ቀጥ ያለ ጠርዝ ነበረው። ከዚያ ሌላ ቀጥ ያለ ጠርዝ፤ ሁለቱ በማዕዘን ተገናኙ። ወንዝ ድንጋይን ያሞለሙላል፣ ይሰነጥቃል፣ ይበላል፤ ማዕዘን ግን አይሠራም። መሣሪያውን አጠፋሁና ወረቀቱን ቀድጄ ያዝኩት።

«ምን ሆንክ?» አለች አስያ ከዳር። «ለምን ‹ወዴት› አትልም?»

«ነይ» አልኳት።

ጠባቂው ፖሊስ በገመዱ ስቦ ታንኳችንን እሷ ወዳለችበት ዳር አስጠጋት። ወረቀቱን አሳየኋት። የሶናር ሥዕል ላልለመደው ሰው የፈሰሰ ቀለም ነው። እሷ ግን ጣቷን ቀጥ ባለው ጥላ ላይ አሳለፈች፤ ከዚያ በማዕዘኑ ዞረች።

«ይሄ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ባለፈው ‹ሁሉን አየሁ› ብለሃል። ዛሬ ‹ይመስለኛል› ነው?»

«እስኪወጣ ድረስ ይመስለኛል ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ይሻላል» አለች።

ለማውጣት አንድ ቀን ተኩል ፈጀብን። መንጠቆውን በሶናሩ እያየሁ አስጠጋሁ፤ ሦስት ጊዜ ሾለከ፤ በአራተኛው ያዘ። የመጣንበት የጭነት መኪና ከአሸዋው ዳር ሆኖ ሳበ። ጄኔሬተሩ ጭቃ ለብሶ፣ ጎኑ ተጨፍልቆ ወጣ። ፖሊሱ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን የመለያ ቁጥር አነበበ፤ ከመላኪያ ደብዳቤው ቁጥር ጋር አንድ ነው። አስያ ጄኔሬተሩን አልነካችውም። ጥላዋን አንሥታ መኪናው ላይ ወጣችና ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠች። «እንሂድ» አለች።

ባበክር ተፈታ። የእርሻው ማሽላ ግን ሳይታጨድ ወፍ በልቶታል፤ ታንኳዎቹንም ፀሐይ ሰንጥቃቸዋለች። ያንን የሚመልስ ደብዳቤ አልነበረም፤ ቢጻፍም ቁጥር የሚሰጠው አይገኝም ነበር። አቶ ሐሚድ ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ተቀበለው፤ ሰው ሁሉ እያየ አቀፈው። በሚቀጥለው ግምገማ ስለዚህ ተተቸ። «ልክ ነው፤ አቅፌዋለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ይቅርታ ልጠይቅ ባበክር ቤት ሄድኩ። ቀርከሃ እየሰነጠቀ አገኘሁት። ተነሥቶ ጨበጠኝና ተቀመጥ አለኝ፤ ሥራውን ግን አላቋረጠም።

«‹የለም› ብሎ የጻፈ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹አለ› ብሎ ያወጣም አንተ ነህ?»

«አዎ።»

ቀርከሃውን በመጥረቢያው ሁለት ላይ ከፈለው፤ ሁለቱንም ግማሾች አገላብጦ አያቸው።

«ያ አኺ፣ ግማሹን ይቅር ብያለሁ» አለኝ። «ግማሹ ይቆይ። እኔ ገና ተናዷል።»

እውነተኛ ይቅርታ ሲደረግልኝ የመጀመሪያዬ ነበር ማለት እችላለሁ። ሌሎች ሙሉውን ይሰጡሃል፤ ከዚያ በጀርባህ መልሰው ይወስዱታል። ባበክር ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አሻግሮኛል። ሁልጊዜ ውሃ በሚገባበት በኩል ነበር የሚያስቀምጠኝ። ስለ ቀሪው ግማሽ አልጠየቅኩትም።

ከዚያ ወዲህ በብዙ ወንዞችና ሐይቆች ላይ ሠርቻለሁ፤ መሣሪያዎቹም ረቅቀዋል፤ ነጥቡ ዛሬ በቀለም ነው የሚታየው። ከእኔ ሥር የሚሠራ ሰው ሁሉ ሪፖርት ሲጽፍ መጀመሪያ የፈለገበትን ቦታ፣ ከዚያ ያልፈለገበትን ቦታ፣ ከዚያ ያገኘውን ይጽፋል። ሁለተኛው ክፍል ባዶ ከሆነ ሪፖርቱን አልፈርምም።